ባለ ዘርፍ የዶቃ ጉትቻ በእጅ እንዴት እንደሚሠራ

ትናንሽ የብርጭቆ ዶቃዎችን በመርፌና በክር እያያያዙ ጉትቻ ለመሥራት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች መካከል ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ የጡብ ስፌት ነው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ዶቃ፣ ግንበኛ ጡብ ሲደረድር እንደሚያደርገው፣ ከሥሩ ባሉት የሁለት ዶቃዎች መገናኛ ላይ ያርፋል፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ካለው በአንድ ዶቃ እያነሰ ይሄድና ሥራው በራሱ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ በሰፊው ስለሚሠራበት ከእነርሱ በአንዱ ስም የኮማንቺ ስፌት ተብሎም ይጠራል። እዚህ የሚቀርበው መሠረቱ 9 ዶቃ፣ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከሥሩ ዘርፍ የሚወርድለት ጉትቻ ነው።

ዶቃ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዶቃው ያንሳል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ቁጥር 11 ነው። አንዱ ጉትቻ 172፣ ጥንዱ ደግሞ 344 ዶቃ ይፈጃል፤ የሚጣለው ታስቦ ትንሽ አትረፍርፎ መግዛት ይበጃል። ክሩ ለዶቃ ሥራ የሚሸጠው ናይለን ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተገመደ የዓሣ ማጥመጃ ክር ቢሆን ጥሩ ነው። ተራ የጥጥ ክር በብርጭቆው ጠርዝ እየተፋቀ ቶሎ ይበጠሳል፤ ሽቦ የሚመስለው ወፍራም ብርሃን አስተላላፊ ክር ደግሞ ተጠቅልሎ የቆየበትን ቅርጽ ስለማይለቅ ዘርፉን ያንጨፈርረዋል። ቁጥር 10 ወይም 12 የዶቃ መርፌ፣ ስለታም መቀስ፣ ትንሽ ፒንሳና አንድ ጥንድ የጆሮ መንጠቆ ሲጨመሩ ዝግጅቱ ይሟላል። መንጠቆ ሲመርጡ ዋጋን ብቻ አይመልከቱ፤ ኒኬል ያለበት ርካሽ ብረት የብዙ ሰው ጆሮ ያሳክካል፣ ያቆስላልም፤ ስለዚህ እውነተኛ ብር ወይም ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚውለው ዓይነት የማይዝግ ብረት ይመረጣል።

የጉትቻው ውበት በአብዛኛው የሚወሰነው ክር መርፌ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ዶቃ በሚለቀምበት ጊዜ ነው። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ገበያ የተገዛ ዶቃ አንድ ቁጥር ቢኖረውም ሁሉም እኩል አይደለም፤ ከአንዱ ከረጢት ውስጥ እንደ ቀለበት የሳሳም፣ እንደ ቱቦ የረዘመም፣ ቀዳዳው በአንድ ወገን የተዘጋም ይወጣል። የጃፓን ዶቃዎች በእኩልነታቸው የታወቁ ስለሆኑ ለቀማው ያንስባቸዋል፤ የቼክ ዶቃዎች ጠርዛቸው ክብ፣ መልካቸው ሞቅ ያለ ቢሆንም መለያየታቸው ይበዛል። ያም ሆነ ይህ ዶቃውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ጨርቁ ዶቃው እንዳይንከባለል ስለሚይዘው በመርፌ ጫፍ እየነኩ፣ መካከለኛውን መጠን ብቻ ለሦስት ማዕዘኑ ይለዩ። ሳሳ ያሉት ለዘርፉ ይሆናሉ፤ የተሰባበሩትና ጠርዛቸው የሚቧጭረው ክር ስለሚቆርጡ ይጣሉ። ቀለሙ የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በውኃ ያሳድሩ፤ ጨርቁ ከቀለመ ያ ዶቃ አንገትና ልብስ አጠገብ የሚውል አይደለም። ስለ ቀለም ምርጫ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ከሦስት በላይ መቀላቀል በእኔ አስተያየት ሦስት ማዕዘኑን ያደበዝዘዋል፤ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ብቻ እንኳ ብዙ ይበቃሉ።

ሥራው የሚጀመረው ከመሠረቱ ረድፍ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ክር ቆርጠው በነጠላው መርፌ ውስጥ ያስገቡ። ሁለት ዶቃ ይሰኩና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የክር ጫፍ አስቀርተው፣ መርፌውን በመጀመሪያው ዶቃ ውስጥ ቀድሞ በገባበት አቅጣጫ እንደገና ያሳልፉ። ክሩ ሲሳብ ሁለቱ ዶቃዎች ቀዳዳቸው ወደ ላይና ወደ ታች ሆኖ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከዚያ መርፌውን በሁለተኛው ውስጥ ቁልቁል ያውርዱ። ሦስተኛውን ዶቃ ይሰኩ፤ ክሩ ከሁለተኛው ዶቃ ከሥር ስለወጣ መርፌውን በዚያው ዶቃ ከላይ አስገብተው ወደ ሥር ያውጡ፣ በመጨረሻም በሦስተኛው ውስጥ ወደ ላይ ያሳልፉት። ደንቡ ሁልጊዜ ይህ ነው፦ መርፌው ወደ ቀድሞው ዶቃ የሚመለሰው ክሩ ከወጣበት በተቃራኒው ወገን ነው። ዘጠኝ እስኪሞሉ በዚሁ ይቀጥሉ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ ክሩ በመጨረሻ ከላይ ይወጣል፣ የተረፈው ጫፍ ደግሞ ከሥር ይቀራል። ረድፉ የሚወላገድ ከሆነ መርፌውን በዶቃዎቹ ውስጥ ላይ ታች እያሉ እስከ መጀመሪያው ይመልሱት፤ ይጠነክራል፣ ክሩም አሁንም ከላይ ይወጣል።

አሁን በረድፉ አናት ላይ በየሁለቱ ዶቃ መካከል ተጋድሞ የሚታይ ክር አለ፤ ማያያዣ እንበለው። ሁለት ዶቃ ይሰኩና መርፌውን ከዳር ሲቆጠር በሁለተኛው ማያያዣ ሥር አሳልፈው፣ በሁለተኛው አዲስ ዶቃ ውስጥ ወደ ላይ ያውጡት። ከዚያ በመጀመሪያው አዲስ ዶቃ ቁልቁል፣ በሁለተኛው ሽቅብ አንድ ጊዜ ያዙሩት፤ ይህ ካልተደረገ የዳሩ ዶቃ ይዘማል። ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው፦ አንድ ዶቃ ይሰካል፣ መርፌው በሚቀጥለው ማያያዣ ሥር ያልፋል፣ በዚያው ዶቃ ውስጥ ወደ ላይ ይመለሳል። ረድፉ ሲያልቅ 8 ዶቃ ይሆናል። ሥራውን ገልብጠው ቀጣዩን እንደዚሁ በሁለት ዶቃ ይጀምሩ፤ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እያለ 2 ላይ ሲደርስ ሦስት ማዕዘኑ ተፈጽሟል። ክሩ አጥብቆ ከተሳበ ሥራው ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል፣ ከላላ ደግሞ በዶቃዎቹ መካከል ክር ይታያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዶቃ ቦታው ላይ እስኪቀመጥ ብቻ ይሳቡ። መርፌው ሲጠብብዎት በኃይል አይግፉ፤ ዶቃው መሐል ላይ ከተሰበረ ረድፉን ከመፍታት ሌላ ምርጫ የለም።

ለመንጠቆው ማንጠልጠያ በጫፉ ላይ 6 ዶቃ ሰክተው መርፌውን በሌላኛው የአናት ዶቃ ቁልቁል፣ ክሩ በወጣበት ሽቅብ ያሳልፉ። የጉትቻው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ዙሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ቀጥሎ መርፌውን በዳር ዶቃዎቹ ውስጥ እያወረዱ በመሠረቱ የዳር ዶቃ ሥር ያውጡ።

ዘርፉ ዘጠኝ ክር ይወርዳል፤ ርዝመቱም ከዳር ወደ ዳር 10፣ 12፣ 14፣ 16፣ 18፣ 16፣ 14፣ 12፣ 10 ዶቃ ነው። ለመጀመሪያው አሥር ዶቃ ይሰኩ፤ የመጨረሻዋን ብቻ ዘልለው መርፌውን በቀሪዎቹ ዘጠኝና በመሠረቱ ዶቃ ውስጥ ወደ ላይ ይመልሱ፣ ከዚያ በጎረቤቱ የመሠረት ዶቃ ቁልቁል አውርደው ሁለተኛውን ይጀምሩ። ዘርፉ የሚያምረው ሲወዛወዝ ነው፤ ስለዚህ ከመቀጠልዎ በፊት የፀጉር ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉለት፣ አለበለዚያ ገትሮ ይቆማል። የቀለም ለውጡን በየክሩ ላይ ከታች ሲቆጠር በእኩል ቦታ ካስገቡት፣ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹን አራት ዶቃዎች ቀይ ካደረጓቸው፣ ዘርፉ ቁልቁል እንደ ቀስት የሾለ መስመር ይሠራል።

የክሩን ሁለት ጫፎች በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ እያጠላለፉ፣ በየመሐሉ ሁለት ሦስት ቦታ በትንሽ ቋጠሮ አሥረው፣ ከዶቃው ሥር ይቁረጡ። ቋጠሮ በመንጠቆው ማንጠልጠያ አጠገብ መሆን የለበትም፤ ቀዳዳውን ደፍኖ መርፌ ዳግመኛ እንዳያልፍ ያደርጋል። የመንጠቆውን ቀለበት በፒንሳ ወደ ጎን በመጠምዘዝ ይክፈቱ፤ ጎትተው ካሰፉት ክብነቱ አይመለስም። ሁለተኛውን ጉትቻ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ከተለቀመው ዶቃ ይሥሩት፤ እጅ በየቀኑ ክር የሚስበው በተለያየ ጥንካሬ ስለሆነ ሳምንት የቆየ ጥንድ አንዱ ከሌላው አጥሮ ሊገኝ ይችላል።