የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ተተኪ አመራሩን እንዴት ያፈራል?

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ካሉ ነባር ትምህርት ቤቶች የአንዱን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የተካፈለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ሊቀመንበሩ «ደክሞኛል፣ ልጆቹ ይተኩኝ» ይላሉ፤ አዳራሹ «እርስዎ ይቀጥሉልን» ብሎ ያጨበጭባል፤ ልጆቹም ከኋላ ተቀምጠው ምሳ ይጠብቃሉ። ተተኪ የሚገኘው ከምርጫው አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ዓመት በሥራ ሲታይ ሲሆን፣ ለዚህም አባላት ተማሪዎችን የሚያማክሩበት መርሐ ግብር ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው።

መነሻው የአባላት መዝገብ ነው። ስም፣ ሙያና ትምህርት የጨረሱበት ዓመት ይመዝገብ። ትምህርት ቤቱ ስሙን ለውጦ ከሆነ ሁለቱም ስሞች ይያዙ፤ አለዚያ «እቴጌ መነን ነው የተማርኩት» የምትል እናትና «የካቲት 12» የምትል ልጇ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መሆናቸው ሳይታወቅ ይቀራል።

አማካሪና ተማሪ ሲጣመሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስልሳ ዓመት መሐንዲስ ፊት የተቀመጠ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከ«እሺ ጋሼ» በቀር የሚናገረው የለም፤ ስለዚህ በመካከላቸው ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀ አንድ ወጣት አባል ይግባ። አንድ አማካሪ ከሁለት ተማሪ በላይ አይያዝ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይገኝ፤ ግንኙነቱም በወር አንድ ጊዜ፣ ሰው በሚያየው ስፍራ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሁን። በአማካሪው ቤት መገናኘት ግን መከልከል አለበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ «ሐኪም ሁን» ብሎ የሚያበቃ ምክር አይበቃም፤ ስለ ሪሚዲያል (የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች ስለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) እና ስለ ቴክኒክና ሙያም በግልጽ መነጋገር ይገባል።

እነዚህን ጥምረቶች የሚያስተባብረው ከወጣቶቹ አንዱ ይሁን። የቀረ አማካሪን ደውሎ የሚጠይቅ፣ የትራንስፖርት ደረሰኝ የሚሰበስብ፣ በዓመቱ መጨረሻም ሪፖርቱን ራሱ ለጉባኤው የሚያቀርብ ሰው ማንነቱ ይታወቃል። በሚቀጥለው ምርጫ ምክትል ጸሐፊ ይደረግ፤ ወዲያው ሊቀመንበር ማድረግ እሱንም ማኅበሩንም ይጎዳል። የሥራ አስፈፃሚው ግማሽ ብቻ በአንድ ጊዜ እንዲቀየርና የአገልግሎት ዘመኑ እንዲገደብ በመተዳደሪያ ደንቡ ይደንገግ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ የመጨረሻው ወሳኝ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የተቋቋመው ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም ከሆነም አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት አዲሶቹ ተመራጮች ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ።

ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው ርክክቡ ላይ ነው። በማውቀው አንድ ማኅበር አዲሱ ሊቀመንበር በመስከረም ተመርጦ እስከ ጥር ድረስ ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በቀድሞው ፊርማ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ማኅተም ሳይደረግበት መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው (ማኅተሙም የነበረው ውጭ አገር በሄዱ አባል እጅ ነው)። ስለዚህ በምርጫው ሳምንት ነባሩና አዲሱ ፈራሚ አብረው ባንክ ይሂዱ፤ ማኅተሙ፣ መዝገቡ፣ የመሳቢያው ቁልፍና የቴሌግራም ግሩፑ አድሚንነት በዝርዝር ተጽፈው፣ ኦዲተሩ ባለበት ተፈርሞባቸው ይረከቡ።