የጓሮ ዕቃ ቤት በዋልካ መሬት ላይ ሲሠራ

ዶማ፣ አካፋ፣ የውሃ ጎማና የዘር ከረጢት የሚቀመጥበት፣ 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ዕቃ ቤት በጓሮው ሊሠራ ያሰበ የባሕር ዳር ነዋሪ ከቆርቆሮውና ከእንጨቱ በፊት አፈሩን ማየት አለበት። በከተማዋ በብዙ ግቢ የሚገኘው ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ዕቃ ቤት ቋሚዎቹ በዚሁ አፈር ውስጥ ስለተተከሉ በሩ ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይል፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይስተካከል ነበር።

ብዙ ሰው ዝናቡ እንዳባራ በጥቅምት መቆፈር ይወዳል። የጣና ውሃ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ግን ሰማዩ መጥራት ከጀመረ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ ለሐይቁ በቀረበ ግቢ በዚያ ወቅት የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሊያቁር ይችላል። እንዲህ ላለው ቦታ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ልኩ በካስማና በሲባጎ ይወጣል፤ ሁለቱም ሰያፎች 3 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነው እኩል ከመጡ ማዕዘኖቹ ትክክል ናቸው። ከዚያም በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር በማስፋት ዋልካው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ይወጣል። ይህን አፈር መልሶ ለመሙያ መጠቀም የድካሙን ሁሉ ዋጋ ማሳጣት ነው። በምትኩ ገረጋንቲ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሁለት ጊዜ ይነጠፋል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ውሃ እየተረጨበት፣ የሰው ተረከዝ ምልክት እስከማይተውበት ድረስ በደንብ ይጠቀጠቃል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ተጠጋግቶ ይደረደርና ክፍተቱ በጠጠር ይሞላል፤ እንዲህ ሲሆን የድንጋዩ አናት ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

ኮንክሪቱ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል፤ በውስጡም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ተጠላልፎ ይታሰራል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ሲደባለቅ፣ ባለ 50 ኪሎ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ለማቡካት እንዲቀል ተብሎ የሚጨመር ውሃ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ሳይደርቅ ቋሚ በሚቆምባቸው ስድስት ቦታዎች የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት ይተከልበታል፤ ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል።

የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ በብረቶቹ ላይ በሚስማር ይያያዛሉ። እንጨቱ አፈር ስለማይነካ ምስጥ በቀላሉ አይደርስበትም፤ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ለጓሮ አትክልትና ለሐይቅ ቅርብ በሆነ ቦታ አልመክረውም። ማገሩና ግድግዳው ማንኛውም አናጢ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ጣሪያው ወደ ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል፤ በየጎኑም 30 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ባለ ጎማ ሚስማሩ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በመሠረቱ ጠርዝ ላይ ከተጠራቀመ ከሥሩ ያለው ዋልካ እንደገና ስለሚያብጥ፣ በአሸንዳ ተይዞ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ በተቆፈረ ቦይ ወደ አትክልቱ እንዲፈስ ይደረጋል።