ብድር ስታስመልሱ ጉርብትና አታፍርሱ

ከሐዋሳ ተነስተው ወደ ሸበዲኖ፣ ዳሌና ወንዶ ገነት ገጠር የሚወጡ አዳዲስ የብድር ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ። ጎበዝ ልጆች ናቸው። ወለድ ማስላት አያቅታቸውም። ግን በየዓመቱ ያው ስህተት ይደገማል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ስህተት የብድር ቡድን በችኮላ ማዋቀር ነው። ከቀበሌ የስም ዝርዝር ይወሰድና አምስት አምስት ሰው ተቆጥሮ «እርስ በርስ ዋስ ናችሁ» ይባላል። ገበያ ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ለሌላው ዕዳ አይጨነቁም። ራሳቸው ይመራረጡ። ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን ቤት ጠብ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሳምንታት ይፈጃል? ይፍጅ።

ሲመራረጡ ግን የሚቀር ሰው አለ። ማን እንደቀረ ሳትጠይቁ አትመለሱ። በሲዳማ ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾዎች ለረጅም ዘመን ከጋብቻም ከማዕድም ሲገለሉ ኖረዋል። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛም አለ፤ በቅርቡ ወደ መንደሩ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴትም አለች፤ የዕድር መዋጮ ያጠረውም አለ። ለእነዚህ ዋስ የሚሆን አይገኝም። በቡድን ብቻ ካበደርን ብድሩ የሚደርሰው ቀድሞም ሰው ላለው ሰው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ዳሌ ውስጥ አንዲት እናት በብድር የገዛቻት ላም ሞተችባት። የሁለት ወር ክፍያ አለፋት። ባለሙያው አራቱን የቡድን አባላት ሰብስቦ «እሷ ካልከፈለች እናንተም ቀጣዩን ብድር አታገኙም» አላቸው። ይህም አልበቃው ብሎ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄዶ ዕዳዋን በሰው ፊት አነሳው። ገንዘቡ ተመለሰ። እሷ ግን ከቡና ጠጡ ቀረች፣ ከዕቁቡ ወጣች፣ የዕድር መዋጮዋንም አቋረጠች። በዓመቱ እዚያው መንደር አዲስ ቡድን ለማቋቋም ስንሄድ ለሰው የሚፈርም ጠፋ።

ለገጠር ድሃ ጎረቤቱ ዘር ያበድረዋል፣ በሬ ያውሰዋል፣ ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ያደርሰዋል፣ ሲሞት ይቀብረዋል። ለጥቂት ሺህ ብር ብለን ያንን ከበጠስንበት፣ ስንመጣ ካገኘነው የባሰ ድሃ አድርገነው ነው የምንሄደው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ለምን እንዳልከፈለች ጠይቁ። ላሟ ከሞተች የመክፈያ ጊዜውን አራዝሙላት። እየቻለች እምቢ ካለችም ሽማግሌዎች አሉ፤ አፊኒ በሚባለው የሲዳማ የሽምግልና ሥርዓት ሁለቱንም ወገን ሰምተው ነገሩን ይጨርሱታል። የቡድን ብድርን ለዓለም ያስተዋወቀው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ እንኳ አንዱ አባል የሌላውን ዕዳ እንዲከፍል አያስገድድም። እኛም አገር ቢሆን ዋስትናው የግድ ሰው መሆን የለበትም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብልን ጭምር በመያዣነት ማስያዝ ይፈቅዳል። ይህን ሳያውቁ ገጠር የሚወጡ ብዙ ናቸው።

«ዕቁባችሁን ተዉና እኛ ጋ ቆጥቡ» አትበሉ። ዕቁብ ወለድ የለውም። ልጅ የታመመባት እናት ተራዋ ሳይደርስ ዕጣው ሊለቀቅላት ይችላል፤ እኛ ያን ያህል አንፈጥንም። ከዕቁቡ ጎን ለጎን ይቆጥቡ።

የመክፈያ ጊዜው ከቡናው ጋር ይሂድ። እሸት ቡና በብዛት የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሐምሌ ላይ ክፍያ የምትጠይቁት ገበሬ ከአራጣ አበዳሪ ወስዶ ነው የሚከፍላችሁ።

ስልክም አለ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር ቀሏል። ነገር ግን ሲም ካርዱ በባልየው ስም ከሆነ የሚስትየዋ ብድር የሚገባው እሱ ስልክ ላይ ነው። የሚስጥር ቁጥሯን ለልጇ ወይም ለወኪሉ ነግራ የምትሄድ እናትም ብዙ ናት። ብድሩ ከመለቀቁ በፊት ሲሙ በራሷ ስም ይውጣ። ቁጥሩንም ራሷ እየነካች እስክትለምደው አብራችኋት ተቀመጡ። ማንበብ ባትችል እንኳ ቁጥር አይጠፋባትም፤ ገበያ ውላ የምትገባ ሴት ናት።