በፍቅር ጓደኝነት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት እኩዮቻችሁን እንዴት ማንቃት ትችላላችሁ?

"የት ነሽ?" ከ3 ደቂቃ በኋላ፣ "ከማን ጋር ነሽ?" ወዲያው ደግሞ፣ "ለምን ዝም አልሽ? ያለሽበትን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።" በመጨረሻም፣ "ስለምወድሽ እኮ ነው።"

ይህን ለጓደኞቻችሁ ብታሳዩአቸው አንዳንዶቹ "ውይ፣ እንዴት ቢወዳት ነው!" ይላሉ። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የበለዘ ዓይን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከዱላው በፊት ስልክ መበርበር፣ ፓስወርድ መጠየቅ፣ ከጓደኛ መነጠል፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ "ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ" ማለት ይመጣል። ዱላ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ትንታኔ መሠረት፣ የፍቅር ግንኙነት ከነበራቸው ታዳጊ ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ከፍቅር ጓደኛ ወይም ከባል አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ከአራት አንዷ ማለት ነው። የስሜት ጥቃቱና ቁጥጥሩ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ "ይስቁብኛል" ብለው ዝም ይላሉ።

1. መጀመሪያ የሚረዳ ሰው አዘጋጁ

ብዙዎች ከፖስተር ይጀምራሉ። እኔ ግን ይህ መቅደም አለበት እላለሁ። ስለ ጥቃት በተናገራችሁ ማግስት አንዷ መጥታ "እኔም..." ልትላችሁ ትችላለች። ያኔ ወዴት ትወስዷታላችሁ? የምታምኑት መምህር፣ አማካሪ ወይም የጤና ባለሙያ አነጋግሩ። የእርዳታ መስመር ካለ ራሳችሁ ደውላችሁ ሞክሩት። ስልኩ ይነሳል? በስንት ሰዓት? ለወላጅ ይናገራሉ? መልሱን ሳታውቁ ቁጥሩን ለሌላ ሰው አትስጡ።

2. ነገሩን በራሳችሁ ቋንቋ አስቀምጡት

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ዱሉዝ ከተማ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከተናገሩት ተነስቶ የተሠራ አንድ ሥዕል አለ። የመንኮራኩር ቅርጽ አለው። መሃሉ ላይ ሥልጣንና ቁጥጥር፣ ዙሪያውን ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ማስፈራራት፣ መነጠል፣ ማዋረድና የመሳሰሉት ተጽፈዋል። ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉትና በእናንተ ዕድሜ በሚታየው ነገር ሙሉት። "መነጠል" በሚለው ሥር "ጓደኞቿን ከስልኳ እንድታጠፋ አደረጋት" ብሎ መጻፍ ከመቶ ትርጓሜ ይበልጣል።

3. ፖስተሩን የሚነበብበት ቦታ ለጥፉ

መተላለፊያ ላይ የተለጠፈን ፖስተር ማንም ቆሞ አያነብም፤ በተለይ የሚመለከተው ሰው። ፍቅረኛው አጠገቡ ሊሆን ይችላል። ጥሩው ቦታ የመጸዳጃ ቤት በር ነው፣ ከውስጥ በኩል። የሴቶቹም የወንዶቹም። የእርዳታ ቁጥሩን ከሥር በትንንሽ ቁራጮች ጻፉና በመቀስ ሸንተር ሸንተር አድርጉት፤ ቀዶ ኪስ ውስጥ ለመክተት ይመቻል። ስትለጥፉ ሁለት ሦስቱን ራሳችሁ ቅደዱ። የመጀመሪያው ሰው መሆን ያስፈራል።

4. ሰብስባችሁ አነጋግሩ

ንግግር አታብዙ። የ5 ደቂቃ ድራማ ሥሩ፣ እሱ ስልኳን እየቀማ "ይሄ ማነው?" ሲላት። ድራማውን እዚያ ላይ አቁሙትና ተመልካቹን "አጠገባቸው ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈልግ መድረክ ላይ ወጥቶ ይሞክረው። ሞቅ ያለ ክርክር ይነሳል።

ለጥያቄ ደግሞ ሳጥን አዘጋጁ። ግን ወረቀት ለሁሉም አድሉ፣ ሁሉም ይጻፍ። ጥያቄ የሌለው "ጥያቄ የለኝም" ብሎ ይጻፍ። አለዚያ እስክሪብቶ ያነሳው ሰው በሙሉ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ወንዶቹን እንደ ተከሳሽ አትጥሩ። የሚደመጡትን፣ ለምሳሌ የኳስ ቡድኑን አምበል፣ ከዝግጅቱ ጀምሮ አስገቧቸው። አንድ ልጅ የፍቅረኛውን ፎቶ ያለፈቃዷ ሲያሳይ "ተው፣ ነውር ነው" ካለው ጓደኛው የበለጠ የሚሰማው የለም።

ጊዜ መምረጥ ከፈለጋችሁ፣ በጾታ ላይ የተመሠረተ ጥቃትን የሚቃወመው የ16 ቀን ዓለም አቀፍ ዘመቻ ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 10 ይካሄዳል።

የማንንም ታሪክ ግን አትናገሩ። ስም ብትቀይሩም ትምህርት ቤቱ ያውቃታል።

5. አንድ ሰው ሲነግራችሁ

አዳምጡ። "አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በሏት። "ለምን አትተዪውም?" አትበሉ። መለያየት ብዙ ጊዜ አደጋው የሚብስበት ወቅት ስለሆነ ከሚረዳ አዋቂ ጋር መታቀድ አለበት። ሄዳችሁ ልጁን አትጋፈጡት፤ ንዴቱን የሚወጣው በእሷ ላይ ነው። ስለ ጉዳዩ በጽሑፍ መልእክት አትላኩላት፣ ስልኳን ሊያየው ይችላል። በምን መንገድ ብታገኟት እንደሚሻል ራሷን ጠይቋት። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ቃል አትግቡ። ያዘጋጃችሁት አዋቂ ጋ አብራችኋት ሂዱ።

6. ተመልሳችሁ እዩ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ በሮቹ ተመለሱ። የተቀደዱትን ቁራጮች ቁጠሩ። እናንተ የቀደዳችኋቸውን ቀንሱ። ካለቁ አዲስ ለጥፉ፣ ስትለጥፉም ሁለቱን ቅደዱ።