ፍሮስት ቀላል የሚመስላችሁ መስመር ስለምትዘሉ ነው

አሜሪካዊው ገጣሚ ሮበርት ፍሮስት የሚጽፈው ስለ ጫካ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ድንጋይ ካብ ነው፤ ቃሉም ማንም የሚናገረው የዕለት ቃል ነው። አንባቢው አንዴ ያነብና «ገባኝ» ብሎ ያልፋል። የሚሳሳተውም ቃሉ ከብዶት ሳይሆን መስመር ዘሎ ነው።

መጨረሻውን ብቻ ይዞ መሮጥ። የዚህ ስህተት ዋና ሰለባ በ1915 እ.ኤ.አ. የታተመው «ያልተሄደበት መንገድ» ነው። በየምርቃቱ ንግግር ላይ «ብዙ ሰው ያልሄደበትን መረጥኩ፣ ለውጥ ያመጣውም እሱ ነው» እየተባለ ለጀግንነት መፈክር ይውላል። እባካችሁ መሀሉን አንብቡት! ሁለተኛው አንጓ ላይ፣ መንገድ ለሁለት የተከፈለበት ተናጋሪ የመረጠው መንገድ ሣር የበዛበት፣ እግር የናፈቀው ነው ይልና ወዲያው ቃሉን ያጥፋል፤ ለነገሩ ሁለቱም የተረገጡት እኩል ነው። ሦስተኛው አንጓ ይደግመዋል፤ በዚያ ጠዋት ሁለቱም ቅጠል ለብሰው ተኝተዋል፣ ቅጠሉንም ማንም ረግጦ አላጠቆረውም። ታዲያ «ብዙ ሰው ያልሄደበት» ከየት መጣ? ከአራተኛው አንጓ። እዚያ ደግሞ የምንሰማው የሆነውን አይደለም፤ ሰውዬው ከብዙ ዘመን በኋላ በረጅሙ ተንፍሶ የሚያወራውን ታሪክ ከአሁኑ እያሰናዳ ነው። ርዕሱም የቀረውን መንገድ እንጂ የተሄደበትን አይጠራም። ፍሮስት ሲጽፈው የቀለደው እንግሊዝ አገር አብሮት በእግር ይዞር በነበረው ወዳጁ፣ በጸሐፊው ኤድዋርድ ቶማስ ላይ ነው፤ ቶማስ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ «ያኛው ይሻለን ነበር» እያለ ይቆጭ ነበር። ቀልዱ መጀመሪያ ላይ ለራሱ ለቶማስም አልገባውም፤ ስለዚህ ላመለጣችሁ ብዙ አልፈርድም።

ተናጋሪውን ከገጣሚው ማምታታት። «ጥሩ አጥር ጥሩ ጎረቤት ያደርጋል» የሚለውን ፍሮስት እንደ ምክር የሰጠን ይመስል የሚጠቅሱ አሉ። በ1914ቱ «ካብ ጥገና» ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ የሚለው የተናጋሪው ጎረቤት ነው። ይህን የደረሱበት ደግሞ «እንግዲያው ፍሮስት ካብ ይጠላል» ብለው ሌላ ጉድጓድ ይገባሉ። ጎረቤቱን ጠርቶ ቀን የሚያስቆርጠው ማን እንደሆነ እዩ፤ በካቡ የሚያሾፈው ተናጋሪ ራሱ ነው። አዳኞች ያፈረሱትንም ተከትሎ ይጠግናል። በየመስመሩ ጠርዝ ማን እንደሚናገር በእርሳስ ጻፉ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በረዶ ባዩ ቁጥር «ሞት» ብሎ መጻፍ። በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ አንድ ኅብረ ቃል ፈልጎ፣ ወርቁን አውጥቶ መገላገል ይፈልጋል። ፍሮስት ላይ እንዲህ አይሠራም። በጫካ ዳር በበረዶ ምሽት ቆም ስለሚለው መንገደኛ የተጻፈውን ግጥም ስታነቡ ከቤት አመታቱ ጀምሩ። 16 መስመር፣ አራት አንጓ ነው። በመጀመሪያው አንጓ 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው መስመር አንድ ቤት ይመታሉ፤ ብቻውን የቀረው 3ኛው ለቀጣዩ አንጓ ቤት ይሆናል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄድና መጨረሻው አንጓ ላይ አራቱም አንድ ቤት ይመታሉ፤ ሰንሰለቱን የሚያሻግር የተለየ ድምፅ አይቀርም፣ 3ኛው መስመርም ራሱ ይደገማል። ከመተኛቴ በፊት ገና ብዙ መንገድ አለብኝ ማለት አንዴ ዕቅድ ነው፤ ሲደገም ግን ራስን መገፋፋት ነው ወይስ እንቅልፍ? ከዚህ ተነስታችሁ «ሞት» ካላችሁ እሰማችኋለሁ።

ያንኑ ግጥም እንደ ዕለት ማስታወሻ ማንበብም አለ። የተጻፈው ግን በጁን 1922፣ በረዶ በሌለበት በአገሩ የሙቀት ወቅት ነው።

«የገጠር ሰው ነውና የዋህ ነው» የሚሉም አሉ። ኒው ሃምፕሸር ገጠር ውስጥ ዶሮ አርብቷል፤ የተወለደው ግን ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው፣ ሃርቫርድም ተምሯል።

አጭሩን ንቆ ማለፍ። ወርቅ የሆነ ነገር እንደማይሰነብት የሚናገረው ግጥሙ ስምንት መስመር ብቻ ነው። «ስለ ቅጠል ነው» ብለው የሚያልፉት አምስተኛው ላይ ያቆሙ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ኤደን ወደ ሐዘን ትሰምጣለች፣ ሰባተኛው ላይ ንጋት ወደ ቀን ይወርዳል። ሁሉም ወደ ታች ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ሳይቀር።