ኤሲ ከፍተህ ኮምፕሬሰሩ አልይዝ ካለ

ደሴ ላይ ኤሲ ማን ያስታውሳል? ከሚሴ ወይ ባቲ ስትደርስ ነው የምትከፍተው፣ ያኔ ሙቅ ንፋስ ይመጣብሃል። ወዲያው «ጋዝ አልቋል፣ አስሞላ» ትባላለህ። ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ፤ መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ፓምፕ) መያዙን እይ።

ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውንና ማራገቢያውን ክፈት፣ ከዚያ ኮፈኑን አንሳ። ነጠላ ወይ ፎጣ አንገትህ ላይ ካለ አውልቀው፣ የሚዞር ቺንጋ (ቀበቶ) አይምርም። ኮምፕሬሰሩን ቺንጋው ከሚያዞረው ፑሌጃ (መዘውር) ጋር የሚያይዘው ማግኔት የኤሲ ክላች ይባላል። ክላቹ ሲይዝ «ጠቅ» ይልና ከፑሌጃው ፊት ያለው ሳህን አብሮ ይዞራል። ፑሌጃው እየዞረ ሳህኑ ከቆመ አልያዘም ማለት ነው። (ጭራሽ ክላች የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች አሉ፤ እነሱን በዚህ አትፈትሽ።)

በደሴ የጠዋት ብርድ ሞክረህ እምቢ ካለህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ብዙ መኪና ውጭው በጣም ሲቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩን ራሱ ይከለክለዋል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ድገመው። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት እይ፣ ሞተር ሲግል ኤሲውን የሚቆርጥ መኪና ብዙ ነው። ያኔ ጣጣው የሞተሩ ማቀዝቀዣ እንጂ የኤሲው አይደለም።

ከዚያ የኤሲውን ፊውዝ እይ። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቀይር፤ እንደገና ከተቃጠለ ሽቦ ወይ የክላቹ ኮይል (የማግኔቱ ሽቦ ጥቅል) ሾርት አድርጓል፣ ትልቅ ፊውዝ ከተህ መኪናህን እንዳታቃጥል። ሪሌውን (ለክላቹ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ሳጥን) ከተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያይረህ ሞክር።

አሁን ቴስተር ያዝ። የክላቹ ሶኬት ላይ 12 ቮልት እየደረሰ ካልያዘ ጥፋቱ እዚያው ነው። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ሶኬቱን ነቅለህ ኮይሉን ለካ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል፣ ምንም ካላነበበ (OL ካለ) ተበጥሷል። ማሳውንም (ወደ ቦዲው የሚሄደውን የኔጋቲቭ ሽቦ) እይ። ጠዋት ይዞ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው በሳህኑና በፑሌጃው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ሳህኑ እየተበላ ከፑሌጃው ይርቃል፣ የሞቀው ኮይል ደግሞ ጉልበቱ ስለሚቀንስ መሳብ ያቅተዋል። ክፍተቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው መሆን ያለበት። ከውስጥ ያለችውን ቀጭን ሺም (ክፍተቱን የምትወስን ቀለበት) ማውጣት ብቻ ሊበቃው ይችላል፣ ሰዉ ግን ሙሉ ኮምፕሬሰር ያስቀይራል!

ቮልት ካልደረሰ ነው እንግዲህ ወደ ጋዝ የምንሄደው። ጋዝ ሲያንስ የፕሬዠር ስዊቹ (የጋዙን ግፊት የሚከታተለው) ወደ ክላቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። አር134ኤ የተባለውን የኤሲ ጋዝ የሚጠቀም መኪና ጠፍቶ ቆይቶ፣ አየሩ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የጋዙ ግፊት መለኪያ ጌጅ 80 ፒኤስአይ ገደማ ማንበብ አለበት፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ጋዙ ሾልኳል። ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ዘይት የነካው አቧራ ፈልግ፣ ሳታስደፍን አታስሞላ። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ በግድ ማስነሳት የሚወድ አለ፤ ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ባዶውን የሚዞር ኮምፕሬሰር ራሱን ይበላል። ጋዙም ስዊቹም ደህና ከሆኑ የሚቀረው ሽቦ፣ ሴንሰር ወይ ኮምፒውተሩ ነው፣ እሱን ዲያግኖስቲክ ላለው ጋራዥ ስጠው።