ወላጁን በኤችአይቪ ያጣ ልጅ፦ አሳዳጊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አባቱ በመኪና አደጋ የሞተበት ልጅ የደረሰበትን ለጓደኞቹ ይናገራል። በኤችአይቪ የሞተበት ግን ብዙ ጊዜ “ለማንም እንዳትናገር” እየተባለ ነው የሚያለቅሰው።

“እማዬ ሩቅ አገር ሄዳለች” ማለት። ትንሽ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ገና አይገባውም፤ ስለዚህ ይጠብቃል፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ይሮጣል። “ተኝታለች” ተብሎ መተኛት የሚፈራም አለ። “ሞታለች፤ ከእንግዲህ አትመጣም፤ እኛ ግን አለንልህ” ይባል። ለመናገር ይከብዳል፤ ለዓመታት ከመጠበቅ ግን ይቀላል።

የበሽታውን ስም መደበቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ልጁ መድኃኒቱን አይቷል፤ እሱ ሲገባ ወሬው ሲቋረጥም አስተውሏል። ያልተነገረውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፦ “ስላስቸገርኳት ነው የሞተችው”። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቫይረሱ በራሳቸውም በወላጆቻቸውም ደም ውስጥ ካለ እንዲያውቁት፣ ለትንንሾቹ ደግሞ እንደ አቅማቸው ቀስ በቀስ እንዲነገራቸው ይመክራል። ሲነገረው “ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የቤተሰባችን ጉዳይ ግን ነው፤ ለማን እንደምንነግር አብረን እንመርጣለን” በሉት። ይህ “ለማንም እንዳትናገር” ብሎ አፉን ከመዝጋት በጣም ይለያል። አባትየውም ቫይረሱ በደሙ ካለ ልጁ “እሱስ መቼ ነው የሚሞተው?” እያለ በልቡ ይቆጥራል። መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር እንደሚችል ሳይጠይቅ ንገሩት።

“ሲጫወት አየሁት፤ ረስቶታል” ማለት። ልጅ ሐዘኑን በአንድ ጊዜ አይጨርስም፤ አልቅሶ ይጫወታል፣ ተጫውቶ ያለቅሳል። አልጋ ላይ መሽናት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም፣ ቁጣ፣ ከትምህርት መዘናጋት ሐዘን ሊሆኑ ይችላሉ። በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2005 የተጠኑ በኤድስ ወላጅ ያጡ ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ሲታዩ ድብርታቸውና ጭንቀታቸው አልለቀቃቸውም ነበር።

“አሁን የቤቱ ትልቅ አንተ ነህ” ማለት። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እናቱን ሲያስታምም የከረመ ከሆነማ ማረፍ ያለበት አሁን ነው።

የሟቹን ፎቶዎች ሰብስቦ መደበቅ። እንዳያዝን ተብሎ ነው፤ ለልጁ ግን ሁለተኛ ሞት ነው። በኡጋንዳ ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች ለልጆቻቸው የቤተሰቡን ታሪክና ፎቶ የያዘ የማስታወሻ ደብተር በእጃቸው ያዘጋጁ ነበር። ደብተሩን ከሞት በኋላም ከልጁ ጋር ሆኖ መጀመር ይቻላል።

እህትና ወንድሞችን መበተን። ሌላ ምርጫ ከሌለ የሚገናኙበት ቀን የተቆረጠ ይሁን፤ ያ ቀን አይሰረዝ።

መድኃኒት ያቋረጠውን ልጅ መቆጣት። ቫይረሱ ያለበት ልጅ ከሐዘኑ በኋላ ክኒኑን መደበቅ ከጀመረ አመፀኛ ሆኗል ብላችሁ አትቸኩሉ። “እናቴንም አላዳናትም” ብሎ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ለምን እንዳቆመ ጠይቁት፣ እስኪጨርስ ስሙት፤ ለሚከታተለው የጤና ባለሙያም በዚያው ሳምንት አሳውቁ።